እናቴ የተመዘነችበት ቀን

መካነ ሰላም ውስጥ ሰው አይመዘንም ነበር። የሚመዘነው ቆዳ ነው፣ ቅቤ ነው፣ ምስርና ስንዴ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ሕፃናትን ይመዝናሉ፤ እናቶቻቸው ግን ዓይን ይበላቸዋል ብለው ስለሚሰጉ ልጁን በነጠላ ከልለው ነው ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጡት። ትልቅ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ሚዛን ላይ ቆማ ኪሎዋ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የሚሰማው አይሮፕላን ሜዳው ላይ ብቻ ነበር። እናቴ እዚያ የተመዘነችበትን ቀን አሁን ልጽፈው የምችለው፣ ከእኔ በቀር በነገሩ የሚያፍር ሰው በሕይወት ስለሌለ ነው። እኔ ደግሞ ማፈሩን ለምጄዋለሁ።

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ለጥ ያለ ሣር ነው። በንጉሡ ጊዜ የየመንደሩ ሰው በተራ እየወጣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ ጉብታውን ደልድሎ፣ ወፍራም ግንድ በበሬ እያስጎተተ መሬቱን እንዳጠበቀው አባቴ ይነግረን ነበር። እሱም በጉብዝናው ከድንጋይ ለቃሚዎቹ አንዱ ነበረና፣ አይሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ በሬውን እንደሚያይ ገበሬ በኩራት ያየዋል። አንድም ቀን ግን አልተሳፈረም። ደርግ ወድቆ እኔ አስተማሪ ሆኜ ስመለስም ሜዳው ያው ሣር ነበር፤ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ከረጢት የተንጠለጠለበት እንጨት፣ ሰው እንዳያልፍ የተወጠረ ገመድ፣ ሌላ ምንም የለም። ከረጢቱ ተቀዶ ስለነበር አይሮፕላን በሚመጣበት ቀን እርጥብ ቅጠል ያጨሳሉ። የአየር መንገዱ ወኪል ከተማ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ነው። በሬዲዮ አይሮፕላኑ መነሣቱን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ፣ "ከብቶቻችሁን አንሡ!" እያለ ወደ ሜዳው ይሮጣል። ከብቱ ሲነሣ የከተማው ሰው ይተካል፤ የሚሳፈረው ጥቂት ነው፣ የሚያየው ግን ሁሉም ነው።

አይሮፕላኑ ባለ ሁለት ማራገቢያ ትንሽ ነገር ስለሆነ የሚሸከመው በልክ ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮዋ ክፍል ፊት ለፊት ባስኩላ ይቆማል፤ እህል ነጋዴዎች ኩንታል የሚመዝኑበት ዓይነት ነው። ተሳፋሪው ከነዕቃው ይወጣበታል፣ ወኪሉም አውቆ ሳይሆን ልማድ ሆኖበት ኪሎውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል። ገመዱ ጋ የቆመው ሕዝብ ያንን ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ይስቅበታል። "እገሌ እኮ ሆዱ ብቻ ነው፣ አጥንት የለውም" ይባላል።

ደሴ የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ፣ "ለአይሮፕላን ድርቆሽ ያቀረባችሁ እናንተ አይደላችሁም?" ብለው ይስቁብኝ ነበር። ይህን ተረት ኢትዮጵያ ውስጥ አይሮፕላን ባረፈበት አገር ሁሉ ላይ ያወሩታል፤ እኔ ግን ያኔ በእኛ ላይ ብቻ የተወራ ይመስለኝ ስለነበር አለቀስኩ። ከሁሉ ይበልጥ የሳቀችብኝ የኩታበር ልጅ ነበረች፤ እሷም እንደኔው የገበሬ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ ያገሬ ሰው ሰው ፊት እንዳያዋርደኝ እንደ ዘበኛ ስጠብቅ ኖርኩ።

የቤታችንን ነገር ልናገር። አባቴ ቁርአን የሚያስቀራ ሸኽ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ እናቴ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ቀረን። ደልቶን ነበር አልልም፤ ግን በእኩል የሚታረስ መሬት ነበረን፣ የሚታለብ ላም ነበረን፣ የእኔም ደሞዝ ነበረ። እናቴ በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ወሬ ነው፤ "የሸኹ ቤት ጎደለበት" መባልን። እንግዳ ሲመጣ ዱቄት ካለቀ በጓሮ በር ወጥታ ትበደራለች እንጂ "የለም" የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም።

ሌላው ነገር አማና ነው። እኛ ጋ አደራን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አማና ይለዋል። አባቴ በነበረበት ጊዜ ሐጅ የሚሄደው፣ ባሕር የሚሻገረው፣ ገበያ የሚወርደው ሁሉ ዕቃውን እኛ ቤት ያስቀምጥ ነበር። እናቴም አማና ሲሰጧት አልቀበልም ማለት ጭራሽ አታውቅበትም። እጇን ዘርግታ ትቀበላለች፣ ከተቀበለች ደግሞ ሳታደርስ እህል አይወርድላትም።

እህቴ፣ ይህ በሆነበት ዓመት ክረምት መግቢያ፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት፣ ከአቀስታ ልጆች ጋር ተነሥታ አዲስ አበባ ገባች። ጅዳ ልትሄድ ነው። እኔን ብቻ ተሰናበተችኝ፤ "ቤቱን ላቅናላችሁ ነው" አለችኝ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ይህንኑ ነገርኳት፤ ከመሄዷ ይልቅ ቃሉ አበሳጫት። "ምን ጎድሎብን ነው የምታቀናው? ርቧት ያውቃል? ታርዛ ታውቃለች?" እያለች ክረምቱን ሁሉ ብቻዋን ስትከራከር ከረመች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ነጋዴ በእግሩም በጭነት መኪናም ተንጠላጥሎ ከአዲስ አበባ መጣና ወሬ ነገረን። የእህቴ ቪዛ ወጥቷል፤ በዚያው ሳምንት ትሄዳለች። ግን ልጅቱ ትከፋለች፣ ታለቅሳለች፣ ሐሳቧ አልቆረጠም አለን። እናቴ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ቆመች። "እሄዳለሁ። ፊቴን ካየች ትመለሳለች" አለች።

በምን ትሄዳለች? ከአቀስታ ወዲያ መንገዱ ተንዶ መኪና አያልፍም። አይሮፕላኑም ሜዳው ጭቃ ስለሆነ ብዙ ሳምንት ሳያርፍ ቆይቷል። ወኪሉ ዘንድ ሄድኩ። ፀሐዩ ከያዘልን ሐሙስ ይመጣል አለኝ፤ ቦታ ሁሉ ግን ተይዟል። ደግነቱ የወረዳው አንድ ሠራተኛ በጭቃ ላይ የሚያርፍ ነገር አልሳፈርም ብሎ ፈርቶ ተወውና የእሱ ቦታ ለእናቴ ሆነ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

እናቴ ወዲያው ስለ ልብሷ ማሰብ ጀመረች። ለዒድ ብቻ የምትለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ አወጣች። የለጋምቦ ሱፍ የሆነውን ወፍራሙን ባናዋን ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ የአባቴን ካፖርት አራገፈችው፣ ደሴ ያስገዛኋትን የቆዳ ጫማ ቅባት ቀባችው። "ይህን ሁሉ ምን ያደርግልሻል? ዕቃ አታብዢ ተብሏል እኮ" ብላት፣

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አለችኝ። "አፌ አይደለም የሚመልሳት። ስታየኝ ቤቷ ሙሉ እንደሆነ ትወቅ። ጫማዬን ትይ፣ ባናዬን ትይ። ችግር ያለበት ቤት እናት እንዲህ ሆና አትመጣም።"

እውነቷን ነበር። እህቴን የሚመልሳት ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

አይሮፕላን ከቆመ ስለሰነበተና መንገዱም ስለተዘጋ፣ "የሸኹ ባለቤት አዲስ አበባ ልትሄድ ነው" የሚለው ወሬ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ለልጁ፣ ለወንድሙ፣ ለባሏ ሊልክ አስቦ የከረመው ሁሉ ወደ ቤታችን ጎረፈ። ቅቤ መጣ፣ ማር መጣ፣ ጩኮ መጣ፣ ቋንጣና በርበሬ መጣ፤ አንዱማ ፖሊስ ለሆነው ልጁ ሙሉ ባና ጠቅልሎ አመጣ። እናቴ "አብሽሩ፣ አደርስላችኋለሁ" እያለች ሁሉንም ተቀበለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዕቃ በልክ ነው፣ ይመዘናል፣ አይቻልም እያልኩ ጮህኩ። "አስተማሪዋ ልጅሽ ኃይለኛ ናት" ብለው ስቀው ሄዱ።

ጎረቤታችን ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ማተቧ አንገቷ ላይ ሆኖ በየቃሉ "ወላሂ" የምትል ሴት። እሷ ቁጭ ብላ ነገሩን እንደ ዳኛ መረመረችው። "ቆይ፣ የሚመዘነው ዕቃ ነው አይደል?" አለች። "ዕቃ የሚባለው በእጅ የተያዘ ነው። በቅሎ ስትከራዪ ባለ በቅሎው የሚጠይቅሽ ለጭነቱ ነው እንጂ ለለበስሽው ልብስ ይጠይቅሻል? የለበሱት ጭነት አይባልም።" እናቴ አሰብ አደረገችና "እውነት ነው" አለች። የአገራችን ሰው ዕድሜውን ሙሉ በበቅሎ ሲጓዝ የኖረ ነውና በዚያ ሕግ ከሄድን ጎረቤታችን አልተሳሳተችም። አይሮፕላኑ ግን ያ ሕግ አልደረሰውም። እኔ ደግሞ ቀልድ መስሎኝ ሰምቼ አለፍኩት፤ ሰውም ከነልብሱ እንደሚመዘን እናቴ እንደምታውቅ እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ ግን በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ያንን ሜዳ ረግጣ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ከጓዳ ስትወጣ በሩ ጠበባት። ወገቧ የት እንዳለ አይታወቅም፣ እጆቿ ወደ ጎኗ አይወርዱም። ካፖርቱ በባናው ላይ፣ ባናው በምን ላይ እንደሆነ እንጃ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ብርድ ነው። ሰማይ ላይ ይበርዳል አሉ።"

ጎረቤታችን ከኋላዋ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ያኔ ገባኝ። ልቆጣ ስል ግን ወኪሉ "ከብት አንሡ!" እያለ በደጃችን አለፈ፣ የምንነጋገርበትም ጊዜ አልነበረም።

ሜዳው ላይ ሕዝቡ ገመዱን ይዞ ቆሟል። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ተማሪዎቼ በሙሉ አሉ። ከተሳፋሪዎቹ ውስጥ ደግሞ ከደሴ መጥቶ መንገድ ተዘግቶበት የሰነበተ የትምህርት ተቆጣጣሪ ነበር። እሱ ፊት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ላብ ያጠመቀኝ ሰው ነው፤ አሁን በትህትና ሰላም አለኝ። ያ ጠዋት ከከረመው ብርድ ሁሉ የተለየ፣ ደመና የሌለው ጠራራ ፀሐይ ነበር። አይሮፕላኑ ዘገየ። ሌላው ሰው ሣሩ ላይ ሲቀመጥ እናቴ መታጠፍ ስለማትችል እንደ ምሰሶ ቆማ ቀረች። ቆይቶ ሽታው መጣ። ቅቤ ሰው ገላ ላይ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ። በግንባሯ ላብ ይወርዳል፣ ከንፈሯ በዱዓ ይንቀሳቀሳል። አጠገቧ ቆሜ መሬቱ ተሰንጥቆ እንዲውጠኝ እመኝ ነበር።

አይሮፕላኑ አርፎ ሰዎች ከወረዱ በኋላ መመዘን ተጀመረ። ተቆጣጣሪው ወጣ፣ ወረደ፣ ሕዝቡ ትንሽ ሳቀበት። ቀጥሎ እናቴ ተጠራች። እኔና ወኪሉ ደግፈን ባስኩላው ላይ አወጣናት። ወኪሉ የሚዛኑን ብረት ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፣ አልበቃ ብሎት ሌላ ክብደት ጨመረ። ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ፊቷ የከሳች ሴት ፊት ነው። ብረቱን እንደገና አየና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሎውን ሳይጠራ ቀረ።

"ስንት ሆኑ? አትደብቁን እንጂ!" አለ አንዱ ከገመዱ ጋ።

"በሬ ነው እንዴ የምትጭኑት?" አለ ሌላው።

በዚህ መካከል አንድ ጠብታ ቢጫ ነገር ባስኩላው ብረት ላይ ጠብ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ በእናቴ ቁርጭምጭሚት ላይ እየወረደ በዚያ በተቀባባው ጫማዋ ውስጥ ገባ። ልጆቹ በመጀመሪያ የመሰላቸው ሌላ ነገር ነው። ሳቁ ሜዳውን ሞላው። ተቆጣጣሪው አፉን በመሐረብ ይዞ ወደ እኔ ዞረና "እናትሽ ናቸው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ጆሮዬ ድረስ እሳት ሆኜ ነበር። ያ የደሴው የድርቆሽ ሳቅ ሁሉ፣ ያገሬ ሰው ስም ሁሉ፣ በእናቴ እግር ላይ የሚፈሰው ቅቤ መሰለኝ።

አብራሪው መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ አልሳቀም። "እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን" አለ። "ሰውን መመዘን ደስ ብሎን አይደለም። መሬቱ ገና አልደረቀም፣ አገሩ ደጋ ነው፣ ይህን ያህል ከብዶን አንነሣም። የሚቀንሱትን ይቀንሱ፤ አለዚያ ለሌላ ጊዜ ይሁን።" ሌላ ጊዜ ማለት ለእህቴ የለም ማለት ነበር። ያንን እናቴም አውቃለች።

ሴቶቹ ገመዱን አልፈው መጡና ነጠላቸውን ዘርግተው ከበቧት። እኔ ውስጥ ገብቼ እፈታት ጀመር። ጡቷ ሥር የታሰረ የማር ከረጢት፣ በወገቧ ዙሪያ በመቀነት የተጠመጠመ ቋንጣ፣ ጀርባዋ ላይ በርበሬ፣ ሆዷ ላይ በፌስታል የታሰረ፣ አሁን ግን ቀልጦ ግማሹ የፈሰሰ ቅቤ፣ ከሁሉም በላይ የዚያ ፖሊስ ባና። የወጣው ዕቃ በነጠላው ሥር እየተላለፈ ሣሩ ላይ ይደረደራል። ሕዝቡ በመጀመሪያ በየዕቃው ሳቀ። "ያ የነእገሊት ቅቤ አይደለም?" ማለት ሲጀመር ግን ሳቁ እየቀነሰ መጣ፤ ባለቤቶቹ እዚያው ቆመዋልና። አንዷ ፊቷን ሸፈነች፣ አንዱ ወደ ከብቶቹ ዞሮ ያይ ጀመር።

"ሁሉንም ተይው!" አልኳት፤ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ልጅሽን ልትመልሺ ነው የምትሄጂው፣ ቅቤ ልትሸጪ አይደለም! ባለቤቶቹ ይውሰዱ!"

እናቴ የባለቤቶቹን ድምፅ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። "የኔ ይቅር" የሚል አንድ ሰው ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ክፉ ሆነው አይመስለኝም፤ ሁሉም ሌላው ይቅደም ብሎ ነው፣ ሁሉም ልጁ ዓይኑ ላይ መጥቶበት ነው።

"እጄን ዘርግቼ ተቀብያለሁ" አለች እናቴ ቀስ ብላ። "ያንዷን ወስጄ ያንዷን ጥዬ በምን ዓይኔ አያታለሁ? አማና ነው።" ከዚያ የራሷን ታወልቅ ጀመር። የአባቴን ካፖርት ሰጠችኝ። ባናዋን ሰጠችኝ። ከውስጥ የደረበችውን ሙቀት ያለውን ቀሚስ ሰጠችኝ። በዚያ በቅቤ በራሰው አረንጓዴ ቀሚስና በአንዲት ነጠላ ብቻ ቀረች። የሰውን ዕቃ በሁለት ፌስታል፣ የፖሊሱን ባና በክንዷ ይዛ ባስኩላው ላይ ወጣች። ሚዛኑ ገና ትንሽ ይከብዳል። ወኪሉ "ደህና ነው፣ ይለፉ" ሊል አብራሪውን አየ፤ ይህን ጊዜ እናቴ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና በእጄ አስያዘችኝ። ውስጡ ቅቤ ነበር።

"እናቴ፣ አዲስ አበባ እኮ ይበርዳል" አላት ወኪሉ።

"ኧረ ምን ይበርደኛል፣ አይሮፕላኑ ቤት አይደለም እንዴ" አለችው፤ ሳቅ ለማለትም ሞከረች። ከዚያ በባዶ እግሯ ሣሩን ረግጣ፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ሄዳ ገባች። ተቆጣጣሪው ከኋላዋ ገባ። የሚጨሰው ቅጠል ጢሱ ዘንበል እያለ አይሮፕላኑ ጭቃውን እየረጨ ተንደርድሮ በጭንቅ ተነሣ። ከብቶቹም ወደ ሣራቸው ተመለሱ።

ያንን ካፖርት፣ ያንን ባናና ያንን ጫማ ታቅፌ በገበያው መሐል አልፌ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤታችን ከኋላዬ እየተከተለች "ላግዝሽ፣ ወላሂ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ስትለኝ፣ "ከዛሬ ወዲያ በቅሎ ስትጭኚ ብቻ ምክር ስጪ" አልኳት። ያን ያህል ተናድጄ ነበር። ጫማውን ብዙ ጊዜ ባጥበውም ሽታው አልለቀቀም።

እናቴ የተመለሰችው መንገዱ ሲከፈት፣ በመኪና፣ ብቻዋን ነው። እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ አለ። ሰው ሁሉ አማናው ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቃት መጣ። ደርሷል፤ ልጆቹ ወሬውን ቀድመው ሰምተው አይሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥተው እያንዳንዱ የእናቱን ዕቃ ከእጇ ተቀብሏታል። በኋላ አንደኛው እህቴ የምትኖርበት ቤት አድርሷት ሄደ። እህቴ በሩን ከፍታ ስታያት ጮኻ አለቀሰች፣ እግሯ ላይ ወድቃ ሳመቻት። አንድ ቀን አብረው ዋሉ፣ አደሩ። በማግሥቱ እህቴ ጅዳ ሄደች።

"ቤትሽ ሙሉ ነው፣ አንድም የጎደለ ነገር የለም፣ ተመለሺ ብዬ ለመንኳት" አለችኝ እናቴ። "አልሰማችኝም። ልቧ ደንድኗል።"

"ስለ ባስኩላው አልነገርሻትም?"

"ምን ብዬ? ሰው ፊት ቆሜ ፈቱኝ ልበላት? ልጆች ሳቁብኝ ልበላት?"

"ታዲያ ጫማሽን ስትጠይቅሽ?"

"መንገድ ላይ ቀረ አልኳት።"

እኔም ለእህቴ አንድም ቀን አልነገርኳትም። ከጅዳ ስልክ ስትደውል ቴሌ ሄደን ተሰልፈን እናናግራታለን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ። ያንን ቀን ማንሣት ለእኔም ለእናቴም ሞት ነበር። እህቴ ዓመት ከዓመት ታግዘን ነበር፤ ቤቱ ቆርቆሮ ሆነ፣ ብርድ ልብስ መጣ፣ ቴፕ መጣ። ከሁሉም ይልቅ የሚበዛው ግን ጫማ ነው። ከዚያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ለእናቴ ጫማ ይዞ ይመጣል፤ የቆዳ፣ የሸራ፣ ከውስጡ ፀጉር ያለው። እናቴ አልጋ ሥር እየደረደረች፣ "ያረቢ፣ ይህች ልጅ ስንት እግር ያለኝ መሰላት?" እያለች ትስቅ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ለምን ጫማ እንደሚበዛ በአንዳችንም ልብ አልመጣም።

እህቴ የተመለሰችው አይሮፕላኑ ወደ እኛ መምጣቱን ከተወ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በሚኒባስ ነው። ወጥታ በሄደችበት ዕድሜ የነበረ መልኳ የለም። የእጆቿ ቆዳ በበረኪና ተልጦ ቀይ ሆኗል፣ ጉልበቷ ደረጃ በመውጣትና በመውረድ አልቆ ለሶላት ስትቀመጥ ታቃስታለች። ሊያገባት የነበረው ሰው ሌላ አግብቶ ልጆቹ እኔ ዘንድ ይማሩ ነበር። እሷ ግን አላማረረችም። ቤቱን ዞራ ቆርቆሮውን፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ታያለች፤ ደስታዋ ከፊቷ ይነበባል።

አንድ ከሰዓት ሦስታችን ቁጭ ብለን ሳለ እህቴ የእናቴን እግር አየችና ፈገግ አለች። እናቴ ያደረገችው እሷ የላከችውን ጫማ ነው።

"እኔ እኮ ልመለስ ነበር" አለች። "ነግሬሽ አላውቅም አይደል? ደላላውን አልሄድም ብዬው ነበር። ልብሴን ከትቼ መንገዱ እስኪከፈት ነበር የምጠብቀው። በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ፣ እማ ቆማለች። በዚያ ብርድ ባዶ እግሯን፣ ቀሚሷ በቅባት ተበላሽቶ፣ እጇ ላይ አንዲት ነገር የለም። የዒድ ቀሚሷን ለሥራ ለብሳው ነው እንዴ አልኩ። ጫማዋንም ባናዋንም ሸጠው ነው ለአይሮፕላኑ የከፈሉት አልኩ። ቤትሽ ሙሉ ነው ትለኛለች፤ እኔ እግሯን ነው የማየው። እንዴት ይህን አይቼ እመለሳለሁ? ደላላው ዘንድ ሄጄ ስሜን መልስ አልኩት።"

ይህን ስትል በምሬት አልነበረም። የሠራችውን መልካም ሥራ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረችው፤ በኩራት።

ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ የተላጠ እጅ፣ ያ ጉልበት ባንዴ ዓይኔ ላይ መጣ። ያ ሜዳ ላይ ፊቴን ያነደደው እሳት እንደገና ተነሣብኝ፤ አሁን ግን የሚስቅ ሕዝብ አልነበረም፣ ሦስታችን ብቻ ነበርን። "ጫማዋ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። እጇ ከባድ ነበር። ዱቄት ስታጣ በጓሮ በር የምትወጣው፣ በዕድሜዋ "የለም" ብላ የማታውቀው እናቴ ቀና ብላ እህቴን አየቻት።

"አዎ፣ ልጄ" አለቻት። "ያኔ ምንም አልነበረንም። አንቺ ባትደርሺልን ኖሮ አልቆልን ነበር።"

እህቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። እናቴ በአንድ እጇ ራሷን ትዳብሳታለች፤ ሌላው እጇ ግን እኔን ጉልበቴ ላይ እንደያዘኝ ነበር፣ እንዳልናገር።